ለቆጣቢ መንገደኛና ለዜና አንባቢ የሚበጁ የኢንተርኔት ገጾች



የምኖረው በቶሮንቶ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈር ነው። ሰፈሩን የምታውቁት ታስታውሱት ይሆናል፤ ከቪክቶሪያ ፓርክ የምድር ባቡር ጣቢያ ጋር በተሸፈነ የእግረኛ ድልድይ የሚገናኙ ረጃጅም ፎቆች ናቸው። በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ። ከኮምፒውተር ጋር ስለምውል ጎረቤቶቼ ሁሉን የማውቅ ይመስላቸዋል። ማታ ራት ተበልቶ ሲያበቃ በሬ ይንኳኳል። አንዱ «እስቲ የትኬት ዋጋ እይልኝ» ይላል፤ ሌላዋ ስልኳን ዘርግታ «ይኼ ወሬ እውነት ነው ወይ?» ትላለች። እኔም መልሱን ለማግኘት የረዱኝን ገጾች በአንድ ደብተር ስጽፍ ቆየሁና፣ ይኸው ዛሬ ደብተሩን ለእናንተ ገለጥኩት።

ትኬትና ዜናን አንድ ላይ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ስደተኛ ስለ አገሩ የሚጠይቀው በዋናነት ሁለት ነገር ነው፤ «መሄድ እችላለሁ ወይ?» እና «ስደርስ ምን ይጠብቀኛል?»። ሁለቱንም መልስ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ከመካከለኛ ሰው ነው፤ ትኬቱን ከወኪል፣ ወሬውን ከላኪው። መካከለኛ መኖሩ ክፋት የለውም። ነገር ግን ከኋላው ያለውን ዋና ምንጭ በገዛ እጃችን ማየት የምንችልበት ዘመን ላይ ነን፤ ከዚህ ቀጥሎ የማቀርባቸው ገጾች ሁሉ ለዚሁ የሚያገለግሉ ናቸው። አድራሻ ስለሚቀያየር ስማቸውን ብቻ ጽፌያለሁ። «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የትኬት ዋጋ ፍለጋ

መጀመሪያ የምከፍተው «ጉግል ፍላይትስ»ን ነው። ሥራ የጀመረው በ2011 ሲሆን፣ መሠረቱ በ1996 በኤም አይ ቲ የኮምፒውተር ባለሙያዎች የተቋቋመውና ጉግል በ700 ሚሊዮን ዶላር የገዛው «አይቲኤ ሶፍትዌር» ነው። ገጹ ትኬት የሚሸጥ መደብር ሳይሆን ዋጋ አሳይቶ ወደ አየር መንገዱ ወይም ወደ ወኪሉ የሚመራ ነው። ሦስት ነገሮቹን ልብ በሉ። አንደኛ፣ የወሩን ቀናት ከነዋጋቸው በአንድ ሰንጠረዥ ያሳያል፤ ጉዞን ሁለት ቀን ማሸጋሸግ ብቻ ስንት እንደሚያተርፍ ወዲያው ይታያል። ሁለተኛ፣ የመረጣችሁት ጉዞ ዋጋ ሲወርድ ወይም ሲወጣ በኢሜይል እንዲያስታውቃችሁ ማዘዝ ይቻላል። ሦስተኛ፣ ከቶሮንቶ ሌላ የሞንትሪያልን፣ የበፋሎን ወይም የዲትሮይትን ዋጋ አብሮ ያመጣል። «ስካይስካነር» እና «ካያክ»ም ተመሳሳይ ሥራ ስለሚሠሩ ማነጻጸሩ አይከፋም። የአይቲኤ የቀድሞ መፈለጊያ የሆነው «ማትሪክስ» ደግሞ እስካሁን አለ፤ ከዋጋው ውስጥ ስንቱ የበረራ፣ ስንቱ የነዳጅ ጭማሪ፣ ስንቱ ቀረጥ እንደሆነ ለያይቶ ያሳያል።

ዋጋው ጠዋትና ማታ ለምን ይለያያል? አየር መንገዶች አንዱን የኢኮኖሚ ክፍል በፊደል በተሰየሙ በርካታ የዋጋ ደረጃዎች ይከፋፍሉታል። እያንዳንዱ ፊደል የተወሰነ መቀመጫና የራሱ ደንብ አለው። የርካሹ ፊደል መቀመጫ ሲያልቅ የሚቀጥለው ይከፈታል። «ኮምፒውተሩ ስላወቀኝ ጨመረብኝ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። የርካሹ ፊደል ደንብም መነበብ አለበት፤ ሻንጣ ላይጨምር ይችላል፤ ቀን ለመለወጥም ቅጣት ሊኖረው ይችላል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ቶሮንቶ መብረር የጀመረው በ2012 ነው። የእኛ በዓላትና የዚህ አገር የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲገጣጠሙ መቀመጫ ይጠፋል፤ ገና ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19 ስለሚውሉ ከዲሴምበር አጋማሽ ጀምሮ ያለው ጊዜ ዋነኛው ነው። አንድ ሌላ ቁጠባም አለ፤ ወደ አገር ቤት በኢትዮጵያ አየር መንገድ የገባ መንገደኛ የአገር ውስጥ በረራ ትኬት በቅናሽ ማግኘት ይችላል። ስለዚህ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ላሊበላ የምትቀጥሉ ከሆነ የዓለም አቀፉን ትኬት ቁጥር ይዛችሁ ጠይቁ።

እዚህ ላይ በራሴ የደረሰውን ልናገር። ለአባቴ የአርባ ቀን ተዝካር ስሄድ ከሁሉ የረከሰውን መንገድ ራሴ ፈልጌ አገኘሁ፤ ከቶሮንቶ አውሮፓ በአንድ ትኬት፣ ከአውሮፓ አዲስ አበባ በሌላ ትኬት፣ ለየብቻ የተቆረጡ። ወደ 300 ዶላር አተረፍኩ ብዬ ኮርቼ ነበር። የመጀመሪያው አውሮፕላን በአየር ጠባይ ምክንያት አራት ሰዓት ዘገየ። ሁለተኛው እኔን የሚጠብቅበት ምክንያት አልነበረውም፤ በእርሱ መዝገብ እኔ በሰዓቱ ያልተገኘሁ መንገደኛ ብቻ ነበርኩ። አዲስ ትኬት ገዝቼ ቤት ስደርስ ድንኳኑ ተነቅሎ፣ ሰዉ ተበትኖ፣ ጎረቤት የተዋሰውን ወንበር እየቆጠረ ይመልስ ነበር። እናቴ «መጣህ ልጄ?» ብቻ አለችኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ።

ከዚያ ወዲህ ደብተሬ ላይ በቀይ የተጻፈ ደንብ አለ። ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ ባጠቃላይ ቀኑ ለማይዘዋወር ነገር ሲኬድ መንገዱ ሁሉ በአንድ ትኬት ይሁን። በአንድ ትኬት የተሳሰረ ጉዞ ቢሰናከል እስከ መጨረሻው የማድረስ ግዴታ የአየር መንገዱ ነው። ለየብቻ ከተቆረጠ ግዴታው የእናንተ ነው። የግድ ለየብቻ መቁረጥ ካስፈለገ በመካከሉ አንድ ሌሊት አሳድሩ።

ትኬቱ በእርግጥ ተቆርጧል ወይ?

ብዙዎቻችን የምንገዛው ከምናውቀው ወኪል ነው፤ በቋንቋችን ስለሚያስረዳን፣ ሲቸግረንም ስለሚታገሠን። ጥሩ ነው። ሆኖም ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር አረጋግጡ።

አንደኛው ፈቃድ ነው። በኦንታሪዮ የጉዞ ወኪሎች «ቲኮ» በሚባለው የጉዞ ኢንዱስትሪ ምክር ቤት መመዝገብ አለባቸው። በድርጅቱ ገጽ ላይ የወኪሉን ስም ጽፎ ምዝገባውን ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ጥቅሙም ቀላል አይደለም፤ ከተመዘገበ ወኪል የገዛ ሰው፣ ወኪሉ ወይም አየር መንገዱ ከስሮ አገልግሎቱ ከቀረበት፣ ከካሳ ፈንዱ በነፍስ ወከፍ እስከ 5,000 ዶላር መጠየቅ ይችላል። ካልተመዘገበ የገዛ ግን በዚህ ፈንድ አይጠበቅም። ደረሰኝ መቀበልንም አትርሱ።

ሁለተኛው የትኬት ቁጥር ነው። ወኪሉ ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ኮድ ይሰጣችኋል። ይህ የቦታ መያዣ እንጂ ትኬት አይደለም፤ ክፍያው ካልተፈጸመ ራሱ ይሰረዛል። እውነተኛው የኤሌክትሮኒክ ትኬት 13 አኃዝ ያለው ቁጥር ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት ከሆነ በ071 ይጀምራል። ስድስቱን ኮድና የአባት ስም ይዛችሁ በአየር መንገዱ በራሱ ገጽ ግቡና 13ቱ አኃዝ መኖራቸውን እዩ። በዚያው ስማችሁ ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል በፊደል መመሳሰሉን ተመልከቱ። የእኛ ስም በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት ስለሚጻፍ፣ ስሕተቱ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከሚገኝ ቤት ውስጥ ቢገኝ ይሻላል።

መብታችን

ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ በካናዳ የሚነገር የበረራ ዋጋ ግዴታ የሆኑ ቀረጦችንና ክፍያዎችን ሁሉ መያዝ አለበት። ማስታወቂያው አንድ ዋጋ አሳይቶ ሲከፈል ሌላ ከሆነ አቤቱታ ይቀርባል።

በ2019 ደግሞ የአየር መንገደኞች መጠበቂያ ደንብ ወጣ። ከካናዳ የሚነሣም ሆነ ወደ ካናዳ የሚገባ በረራን ይመለከታል። መዘግየቱ በአየር መንገዱ ቁጥጥር ሥር በሆነና ከደኅንነት ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ከሆነ፣ ትልልቅ አየር መንገዶች ከ3 እስከ 6 ሰዓት ለዘገየ መንገደኛ 400 ዶላር፣ ከ6 እስከ 9 ሰዓት 700፣ ከዚያ በላይ 1,000 ዶላር መክፈል አለባቸው። ጥያቄው በአንድ ዓመት ውስጥ በጽሑፍ ለአየር መንገዱ ይቀርባል። እሺ ካላለ ወደ ካናዳ የትራንስፖርት ኤጀንሲ ገጽ ገብቶ አቤት ማለት ነጻ ነው። ሻንጣ ከተጎዳ በ7 ቀን፣ ከዘገየ ደግሞ እጃችሁ በገባ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል፤ ይህ የሞንትሪያል ስምምነት ደንብ ነው። ብዙ ወገን መብቱ ሳይጎድል ቀኑ ያልፍበታል።

ቪዛ፣ መታወቂያና መድን

የውጭ ፓስፖርት የያዘ ኢትዮጵያዊ ሁለት አማራጭ አለው። አንደኛው በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት የሚሰጠው፣ በተለምዶ «ቢጫ ካርድ» የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው፤ የያዘው ሰው ያለ ቪዛ ይገባል። ሁለተኛው የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ቪዛውን በፍለጋ ስትሹ ከላይ የሚወጡት ብዙ ጊዜ የግል አስፈጻሚዎች ማስታወቂያዎች ናቸው፤ በመንግሥት ክፍያ ላይ የራሳቸውን ይጨምራሉ። የመንግሥቱ አድራሻ መጨረሻው «ጎቭ፣ ነጥብ፣ ኢቲ» መሆኑን ሳታዩ የካርድ ቁጥር አታስገቡ።

በሌላ አገር አቋርጣችሁ የምታልፉ ከሆነ፣ በተለይ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከካናዳ የመኖሪያ ካርድ ጋር የያዛችሁ፣ የመተላለፊያ ቪዛ ጉዳይን ቀድማችሁ መርምሩ። በአሜሪካ በኩል ማለፍ ያለ ቪዛ አይቻልም፤ ርካሹ ትኬት በዚያ በኩል ከሆነ ርካሽ አይደለም ማለት ነው። የቆጣሪ ሠራተኞች የሚያዩት «ቲማቲክ» የሚባለውን የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር መዝገብ ነው። በማኅበሩ ገጽና በብዙ አየር መንገዶች ገጽ ላይ እናንተም ልታዩት ትችላላችሁ። የመኖሪያ ካርዳችሁ እስከምትመለሱበት ቀን የሚያገለግል መሆኑንም አትዘንጉ።

የካናዳ መንግሥት የጉዞ ምክር ገጽ ስለ ኢትዮጵያ ክልል በክልል ያስረዳል። ምክሩን ባትስማሙበትም ማንበብ ይገባል፤ ምክንያቱም ብዙ የጉዞ መድን ውሎች መንግሥት «አትሂዱ» ባለበት ስፍራ ለደረሰ ጉዳት አይከፍሉም። የኦንታሪዮ የጤና መድን ደግሞ ከካናዳ ውጭ ለድንገተኛ የሆስፒታል መተኛት የሚሸፍነው ቢበዛ በቀን 400 ዶላር ነው።

ቀንና ሰዓት

በቤታችን ብዙ ችግር የሚፈጥረው ሰዓት ነው። ትኬት ላይ «ማክሰኞ 00:15» ከተባለ፣ በእኛ አነጋገር ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ15 ነው፤ ሻንጣ ይዞ ከቤት የሚወጣው ሰኞ ማታ ነው። ማክሰኞ ማታ የሄደ አውሮፕላኑን በ24 ሰዓት አሳለፈ። ጉዞው በእኩለ ሌሊት አካባቢ ከሆነ የሳምንቱን ቀን በቃላችሁ ሳይሆን በጽሑፍ ላኩ።

ለስልክ ጥሪ የሚሆን ቀላል ዘዴም አለኝ። እዚህ ሰዓቱ ወደፊት በሚገፋበት የሙቀት ወራት፣ የቶሮንቶ ሰዓት ላይ አንድ ደምሩ፤ የሚወጣው የአገር ቤት ሰዓት ነው። በብርድ ወራት ሁለት ደምሩ። እዚህ ከጠዋቱ 8 ሰዓት ከሆነ፣ በሙቀት ወራት አዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በብርድ ወራት ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። የሂሳቡ ምክንያት ግልጽ ነው፤ የሁለቱ ከተሞች ልዩነት 7 ወይም 8 ሰዓት ሲሆን፣ የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ 6 ይቀንሳል።

እንግዳ ለመቀበል የምትሄዱ ደግሞ ይህን ዕወቁ። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚነሡ ረጅም በረራዎች ብዙውን ጊዜ መንገድ ላይ ለነዳጅ ያርፋሉ። ቦሌ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ አየሩ ስለሚሳሳ ነዳጅና ጭነት ሞልቶ መነሣት ያስቸግራል። መምጫው ከመሄጃው የሚረዝመው በከፊል በዚህ ነው።

ከክሬሰንት ታውን እስከ ፒርሰን

ለታክሲ ብዙ መክፈል ግድ አይደለም። ከቪክቶሪያ ፓርክ በሁለተኛው መስመር ባቡር እስከ ምዕራብ ጫፍ፣ እስከ ኪፕሊንግ፣ ከዚያም በ900 ቁጥር አውቶቡስ ፒርሰን ይደረሳል። የፕሬስቶ ካርድ ለሁለት ሰዓት ስለሚያገለግል ሁሉም በአንድ ክፍያ ያልቃል። ባቡር በማይሠራበት ሌሊት በዳንፎርዝና በብሎር የሚያልፈው 300 ቁጥር አውቶቡስ አለ። በ2015 የተከፈተው የኤርፖርት ባቡር ፈጣን ነው፤ ግን ክፍያው ለብቻ ነው። የቲቲሲን ገጽ በመነሻችሁ ዋዜማ ክፈቱ፤ ቅዳሜና እሑድ ለጥገና የሚዘጋ መስመር ብዙ ጊዜ አይጠፋም።

ዜና ከየት?

የአማርኛ ዜና አንባቢ ዛሬ ምንጭ አላጣም። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ክፍል ከ1965 ጀምሮ አለ፤ ዝግጅቱ በኢንተርኔትም ይደመጣል። ቢቢሲ አማርኛ በ2017 ተጀመረ። የአውስትራሊያው ኤስ ቢ ኤስ የአማርኛ ዝግጅት በተለይ የስደተኛ ጉዳዮችን ያነሣል። ከ1982 ጀምሮ የምናውቀው የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ በማርች 2025 ጣቢያው በመንግሥት ትእዛዝ ሥራ እንዲያቆም ሲደረግ ተቋረጠ፤ ነገሩም ወደ ፍርድ ቤት አመራ። ለአርባ ዓመት ያህል ማታ ማታ የሰማነው ድምፅ በአንድ ሰሞን ጸጥ ሲል፣ በአንድ ምንጭ ብቻ መደገፍ እንደማይበጅ ገባኝ።

ከአገር ቤት ጋዜጦች ሪፖርተር በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ አዲስ ፎርቹን በእንግሊዝኛ ገጽ አላቸው። በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተውን የመንግሥቱን አዲስ ዘመንም በኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል። እኔ አንድን ዜና ሳነብ መጀመሪያ «ይህን ቤት የሚያስተዳድረው ማን ነው?» እላለሁ። የመንግሥት ጋዜጣ መንግሥት ያለውን በትክክል ይነግረኛል፤ ያላለውን ለማወቅ ሌላ ዘንድ እሄዳለሁ።

ወሬው «አዲስ ሕግ ወጣ» የሚል ከሆነ ግን ጋዜጣም አያስፈልግ፤ ነጋሪት ጋዜጣን ክፈቱ። በ1934 ዓ.ም. የተጀመረው ነጋሪት ጋዜጣ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ «ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ» ሆኖ ሕጎችን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ያትማል፤ ሁለቱ ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ገጽ ላይ አዋጆች ይገኛሉ። ስለ ቤት፣ ስለ መሬት፣ ስለ ቢጫ ካርድ የሚናፈሰውን ወሬ ከቁጥሩና ከአንቀጹ ጋር ማስተያየት ይቻላል። የብርን ምንዛሪም እንዲሁ። ከጁላይ 2024 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ከባንክ ባንክ ይለያያል፤ ከመንገድ በፊት የብሔራዊ ባንክንና የምትገለገሉበትን ባንክ ገጽ አነጻጽሩ።

የውጭ ጋዜጣ ለሚወድ ደግሞ፣ የቶሮንቶ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ በነጻ ይሰጣል። በዚያ ካርድ «ፕሬስሪደር» ውስጥ ገብቶ የብዙ አገር ጋዜጦችን እንደታተሙ ማንበብ ይቻላል። ይኸው ቤተ መጻሕፍት በኦክቶበር 2023 በደረሰበት የኮምፒውተር ጥቃት ገጹ ለወራት ተዘግቶ ነበር፤ ስለዚህ ትኬትንም ሆነ የሚያስፈልግ ጽሑፍን በወረቀት ማተም ኋላ ቀርነት አይደለም። ከመረቡ የጠፋን የቆየ ገጽ ለሚፈልግ ከ2001 ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት የሆነው «ዌይባክ ማሽን» አለ። አድራሻውን ስታስገቡ ገጹ በየዓመቱ ምን ይመስል እንደነበር ያወጣላችኋል። በ2000ዎቹ እናነባቸው ከነበሩት የስደት መጽሔቶች አንዳንዶቹን ያገኘሁት በዚያ ነው።

ፊደላችንና ፍለጋ

ፊደላችን በዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት እያንዳንዱ የራሱን ፎንት ስለሚጠቀም፣ የአንዱ ጽሑፍ በሌላው ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ብዙዎች በሥዕል መልክ ያትሙት የነበረው ለዚህ ነው፤ በሥዕል የተቀመጠ ጽሑፍ ደግሞ በተለመደው ፍለጋ አይገኝም። አሁንም አንድ ችግር አለ፤ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለጆሮ አንድ፣ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ናቸው። «ጸሐይ» ብላችሁ ያጣችሁትን «ፀሀይ» ብላችሁ ታገኙታላችሁ። የሰውም ሆነ የቦታ ስም ስትፈልጉ ሁለት ሦስቱን አጻጻፍ ሞክሩ።

ወሬን መመርመር

ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩ እትዬ የምላቸው ጎረቤት አሉኝ። አንድ ምሽት ፊታቸው ጠቁሮ መጡ። በስልካቸው የተላከላቸው በእሳት የተያያዘ አውሮፕላን ሥዕል ነበር፤ ከሥሩም «ቦሌ ተዘግቷል» ይላል። በሦስተኛው ቀን ለእኅታቸው ተዝካር የሚሄዱበት ትኬት በእጃቸው ነበር። «ልሰርዘው፤ ቅጣቱን ልክፈልና ልረፍ» አሉኝ።

ሁለት ገጽ ከፈትኩላቸው። የመጀመሪያው «ታይንአይ» ነው፤ እዚሁ ቶሮንቶ ውስጥ የተሠራ፣ በ2008 የተከፈተ የሥዕል መፈለጊያ። ሥዕሉን ስታስገቡለት ከዚህ በፊት የት የት እንደወጣ ይዘረዝራል፤ ከጥንቱ ጀምሮ እንዲደረድርም ማዘዝ ይቻላል። ያ ሥዕል ከዓመታት በፊት በሌላ አገር የደረሰ አደጋ ሆኖ ተገኘ። ሁለተኛው በስዊድናውያን በ2006 የተጀመረው «ፍላይትሬዳር24» ነው። አውሮፕላኖች ስፍራቸውን የሚያስተላልፉበትን የሬዲዮ ምልክት በየቦታው ካሉ መቀበያዎች እየሰበሰበ በካርታ ላይ ያሳያል። ቦሌን ነካሁት፤ አንዱ ሲያርፍ፣ ሌላው ሲነሣ በዓይናቸው አዩ። እትዬ ትንሿን ቢጫ አውሮፕላን በጣታቸው ተከትለው «ይቺ አሁን ሰው ጭናለች?» አሉኝ። «አዎ፤ እየወረደች ነው» አልኳቸው። ሄዱ። የእኅታቸውንም ተዝካር አወጡ።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት የሚለው ብሂል ለዚህ ዘመን የተነገረ ይመስላል። ወሬ ሲደርሳችሁ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። መጀመሪያ ማን ተናገረው? መቼ? ሌላስ ማን አየው? ሦስቱም መልስ ካጣ አታስተላልፉ።

ኢንተርኔት ሲዘጋ

ከ2006 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ገጾች ተዘግተው ነበር፤ በጁን 2018 264 ገጾች መከፈታቸው ተነገረ። ከዚያ በኋላ ግን መላው ኢንተርኔት የሚቋረጥበት ጊዜ መጣ። በ2019 በፈተና ሰሞን፣ በ2020 ክረምት ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ለሳምንታት፣ ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ በትግራይ፣ ከኦገስት 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የቤተሰብ ስልክ ዝም ሲል ልብ የሚያስበው ክፉ ክፉውን ነው። «ኔትብሎክስ» እና «ክላውድፍሌር ሬዳር» የአገሩን የኢንተርኔት እንቅስቃሴ በሥዕላዊ መስመር ያሳያሉ፤ መስመሩ በአንድ ጊዜ ቁልቁል ከወደቀ ዝምታው የመረቡ እንጂ የእናታችሁ ላይሆን ይችላል። ያን ጊዜ በመደበኛ ስልክ ሞክሩ። መንገድ ላይ ያላችሁ ደግሞ «ኦርጋኒክ ማፕስ»ን የመሰለ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ካርታ ከመነሣታችሁ በፊት ጫኑ፤ የዘመድንም ቁጥር በወረቀት ያዙ።

ደብተሬ ገና አላለቀም፤ ዋናው ዋናው ግን ይኸው ነው። ከነዚህ ገጾች አብዛኞቹ ገንዘብ አያስከፍሉም፤ የሚጠይቁት አምስት ደቂቃ ትዕግሥት ብቻ ነው። እኔ ያን አምስት ደቂቃ ዋጋ ፍለጋ ላይ አጥፍቼ ደንቡን ሳላነብ ቀረሁና፣ የአባቴን ተዝካር በአንድ ቀን አሳለፍኩ። እናንተ ግን በሰዓታችሁ ድረሱ።

ቸር ያገናኘን።